የነጻው ጊታር ባለቤት

«ብቻውን ነው የሠራው አሉ። በጆሮው እየሰማ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ!»

ይህን ያለችው ፕላስቲክ ጊታር በጀርባዋ ያነገተች ተማሪ ነበረች። ዲርሴ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ የአናቶሚ መጽሐፍ ፎቶኮፒ እያነሳችላት ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለችው ይህች ሱቅ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ምድጃ የምትግል ጠባብ ክፍል ናት፤ ያላት አንድ ቬንቲሌተር ነው፣ እሱም ወደ ባለቤቱ ወደ ሴኡ ኖናቶ ብቻ ነው የሚነፍሰው። «ማነው እሱ ደግሞ?» አለቻት ጓደኛዋ በወረቀት ፊቷን እያራገበች። «ኤዲቫን የሚባል ሰው ነዋ! የሜስትሪ አዳውቶን የድሮ ሸክላ እንዳለ ነጻው ጌም ውስጥ የከተተው። እኔማ ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር ተጫውቼ አላውቅም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ማኅበር አዳራሽ ዝግጅት አለው፤ ሜስትሪው ራሳቸው ይመጣሉ ተብሏል።» «በሕይወት አሉ እንዴ?» «አሉ መሰለኝ።» የዲርሴ እጅ የማሽኑ ክዳን ላይ ደርቆ ቀረ። ገጹ ግማሹ ጠቁሮ ወጣ። ሴኡ ኖናቶ ከቬንቲሌተራቸው ሥር ሆነው «ወረቀት ከዝናቡ ጋር የሚወርድ መሰለሽ እንዴ፣ የኔ እመቤት?» አሏት። ገጹን ጨምድዳ ጣለችና እንደገና አነሳች፤ ልጅቷም ከፍላ፣ አመስግና፣ ጊታሯን እያወዛወዘች ወጣች።

ሜስትሪ አዳውቶ የዲርሴ አባት ናቸው። ሜስትሪ፣ ሊቅ እንደ ማለት፣ የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው መንግሥት አይደለም፤ የጓማ ሰፈር ሰው ነው፣ ሴቱም ወንዱም በጊታራቸው በጨፈረበት ዘመን። ኤዲቫን የአክስቷ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ስትሰማ የኖረችው ግን ዲርሴ ናት።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነውም። ስክሪኑ ላይ የጊታር አንገት ይዘረጋል፤ በአንገቱ ላይ አምስት ዓይነት ቀለም ያላቸው ክቦች እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ ክቡ ታች ያለውን መስመር በነካበት ቅጽበት የቀለሙን ቁልፍ ይዞ መምታት ነው፣ በቃ። በመደብር የሚሸጠው ከነፕላስቲክ ጊታሩ የዲርሴን የወር ደመወዝ ይውጣል፤ ውጦም ቢሆን ሆዱ ውስጥ ያለው የባዕድ አገር ጩኸት እንጂ የከተማቸው የቤሌም ሙዚቃ አይደለም። ነጻውን ግን ፊታቸውን ማንም የማያውቃቸው በጎ ፈቃደኞች ሠርተው ለዓለም በትነውታል። ማንም አውርዶ፣ ኪቦርዱን እንደ ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ ይጫወተዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም የፈለገውን ዘፈን ይጨምርበታል። መጨመር ማለት ግን ቀላል አይደለም። አንዷን ድምፅ ደጋግሞ ሰምቶ፣ ይህቺ አረንጓዴ ትሁን፣ ይህቺ ቢጫ፣ ይህቺ ከፊተኛዋ በግማሽ ትንፋሽ ትዘግይ እያሉ ክቦቹን እንደ ችግኝ አንድ በአንድ መትከል ነው። ለአንዱ ዘፈን አንዳንዴ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። የኪቦርዷ ትልቁ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በማስቲሽ አጣብቃዋለች።

አባቷን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ የግራ እጃቸው ጣቶች ታጥፈው ቀሩ። ጊታራቸውን አውጥተው ለሰው ሰጡ፤ ሸክላቸው በዚያ ቤት ውስጥ እንዳይሰማ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከደጃፉ አልፈው አያውቁም። ዲርሴ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ብትል፣ ወንዝ ዳር ነፋስ እንቀበል ብትል፣ የዘመድ ሠርግ አለ ብትል፣ መልሱ «እግሬን ይዞኛል» ነው። አባትና ልጅ እየተያዩ ይበላሉ፣ «ዓሣው ጨው በዝቶበታል?»፣ «አልበዛበትም»፣ ከዚያ ዝም። እሷም ከመኝታዋና ከሳሎኑ መሐል ካለው የሳንቃ ግድግዳ ጀርባ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍና ክቦቿን ስትተክል ትቆያለች። ለማንም አላሳየችም። ባለፈው ጥቅምት የናዛሬ እመቤታችን በዓል ቀን ዘመድ ሁሉ ለዳክዬው ወጥ ሲሰበሰብ፣ ኤዲቫን ለኮምፒውተሩ ጌም ፈልጎ ሲነዘንዛት ግን በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው። ሲቀበላት እንኳን «አንቺ ልጅ፣ ባል ብታገቢ ይሻልሽ ነበር» ብሎ ስቆባታል።

ለምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሴኡ ኖናቶን አስፈቀደች። «ሰው ሞቶብሽ ነው?» «አይደለም።» «ታመሻል?» «አይ።» «እንግዲያው ምን ልበል?» ምን እንደሚሉ እሷም አላወቀችም። የአባቴን ዘፈን ሰረቁኝ ብትል ዘፈኑ የአባቷ ነው። ጌሜን ሰረቁኝ ብትል ጌሙ ነጻ ነው። የተሰረቀችውን ነገር ስም ልታገኝለት አልቻለችም፤ ስለዚህ «ጥርሴን» አለችና ወጣች።

የአክስቷ የኦስማሪና ቤት ከቦዩ ዳር በእንጨት ቋሚዎች ላይ የቆመ ነው። ወደ በሩ የሚያደርሰው የሳንቃ መተላለፊያ መሐሉ ላይ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሁሉም ዘሎ ያልፈዋል እንጂ የሚጠግነው የለም። ዲርሴ ዘልላ ስትገባ አክስቷ ነጭ ሸሚዝ እየተኮሱ አገኘቻቸው። ኮሌታው ላይ ያለውን ስፌት አወቀችው፤ ራሷ ናት የሰፋችው።

«ይህ የአባባ ሸሚዝ አይደለም?»

«ነው እንጂ። ምነው ላብሽ እንዲህ እስኪንቆረቆር? ተቀመጪ፣ ዓሣ ጠብሻለሁ፤ የአሳዪው ፍሬም ገና አሁን የተጨመቀ ነው፤ የዛሬው ዋጋ ደግሞ ሰው ይገድላል።»

አልተቀመጠችም። ወደ ጓሮው በረንዳ ስትዘልቅ አባቷ ፎጣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አቅንተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ኤዲቫን ከጎናቸው ጎንበስ ብሎ ጢማቸውን ይላጫቸዋል፤ ቀስ ብሎ፣ ምላጩን በየጊዜው በጣሳው ውሃ እያለቀለቀ፣ ጉንጫቸውን በሁለት ጣቱ እየወጠረ። እሷ ልላጭዎት ስትላቸው «ለማን ብዬ?» ነበር መልሳቸው። አሁን በምን ተአምር ከቤት ወጡ?

«አባባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ኤዲቫን አምጥቶኝ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ዝግጅት አለ።»

«የምን ዝግጅት?»

«የኔ።»

ይህችን ቃል ያሉበት ድምፅ ዲርሴን አገዳት። ከስትሮኩ ወዲህ እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። አጎንብሳ የኤዲቫንን ክንድ ያዘችና «ና እስቲ ውጭ» አለችው። ከነሳሙና እጁ ተከትሏት ወጣ። ከሳንቃው ሥር ቦዩ ጠቁሮ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሞ ይንፏቀቃል።

«ዲርሲኛ፣ ልነግርሽ ነበር» አላት በቁልምጫ ስሟ።

«መቼ? አጨብጭበውልህ ሲበቃቸው?»

«ስሚኛ። መጀመሪያ ሰው እንዲያየው ብዬ ነው ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁት። ሰው ወደደው። ማን ሠራው አሉኝ። አፌ ላይ የመጣውን አልኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልዋጠው? የማኅበሩ ሊቀመንበር ማስታወቂያውን በስሜ አሳትሞ ጨርሷል።»

«ብቻዬን ብለሃል። ሁለት ዓመት ብለሃል። ቁጥሯን እንኳ ከኔ ነው የወሰድካት።»

«አንቺስ ምን አደረግሽበት? ከሳንቃ ጀርባ ቀበርሽው። እኔ ባላወጣው አጎቴ ዛሬ ጢሙን ይላጭ ነበር? ንገሪኝ፣ ይላጭ ነበር?» ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም፤ ያ ነው ያናደዳት። ኤዲቫን የሞባይል ሽፋን ሸጧል፣ አይስክሬም ሸጧል፣ የሰው መኪና ነድቷል፣ አንዱም አልያዘለትም። አሁን በአርባ ዓመቱ ሰው በስሙ ማስታወቂያ አትሞለታል፤ ደስታው ዓይኑ ላይ እንደ ሕፃን ይታያል።

«ስሜን ትጠራለህ» አለችው። «ዛሬ። እዚያው። በማይክ።»

«እጠራለሁ፣ እናቴ ትሙት!»

«እኔን ምን አድርጌህ ነው የምትገድለኝ?» አሉ አክስቷ ከውስጥ።

ምሳ አብረው በሉ። አባቷ ወፍራሙን አሳዪ በካሳቫ ዱቄት እያላወሱ፣ ዓሣቸውን በቀኝ እጃቸው እየፈለፈሉ፣ ሳህኑን ጠርገው ጨረሱት። አክስቷ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ዲርሴ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ምንሽን ወሰደብሽ? ድስትሽን ወሰደ? ዘፈኑ የወንድሜ፣ ጌሙ የማንም። ዘመድ ለዘመድ አንዲት ነገር ቢተው ምን አለበት?» አሏት። ዲርሴ መልስ ነበራት፤ ነገር ግን መልሱን ለመናገር አባቷ ከማዕዱ መነሳት ነበረባቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሁለተኛ ሳህን ጠየቁ።

አዳራሹ ሲሞላ የየዕለቱ ዝናብ እንደ ልማዱ መጣ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ጮኸ፣ ሊቀመንበሩም ማይኩን ወደ አፉ እስኪውጠው አስጠግቶ ንግግሩን ጀመረ። ፊት ለፊት የተዘረጋ አንሶላ አለ፣ ከፕሮጀክተሩ የሚመጣው ሥዕል ያርፍበታል። ሜስትሪ አዳውቶ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የታጠፈችውን ግራ እጃቸውን በቀኙ ሸፍነው ከፊት ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች እየመጡ ትከሻቸውን ይዳብሷቸዋል፤ አንዲት ወፍራም ሴትዮ «በርስዎ ዘፈን ነው ያገባሁት፣ በርስዎው ዘፈን ነው የፈታሁት» ብላ ጉንጫቸውን ስትስማቸው ሣቁ። ዲርሴ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ አየቻቸው። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም የባሰ ተናደደች።

ኤዲቫን ማይኩን ተቀበለ። እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ማኅበሩን አመሰገነ፣ ፕሮጀክተር ያዋሳቸውን የመድኃኒት ቤት ባለቤት አመሰገነ፣ እናቱን አመሰገነ። ከዚያ በዓይኑ ዲርሴን ፈለጋት። «የአጎቴ ልጅ ዲርሴም እዚህ አለች» አለ። ከበሩ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደች። «ለአባቷ ምግብ የምታበስለው፣ መድኃኒቱን የምታስታውሰው እሷ ናት። እስቲ አጨብጭቡላት!» ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበላት። አክስቷ ከፊት ሆነው፣ ይኸው ተጠራልሽ አይደል በሚል ዓይን አዩዋት።

ዘፈኑ ተከፈተ። የአባቷ ጊታር፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት እንደነበረው ወጣት ሆኖ፣ ከድምፅ ማጉያው እየተፍለቀለቀ ወጣ፤ ክቦቿ፣ የራሷ ክቦች፣ በአንሶላው ላይ መውረድ ጀመሩ። ኤዲቫን በቀላሉ ደረጃ ትንሽ ተንገዳግዶ ተጫወተና ፕላስቲክ ጊታሩን ለጠዋቷ ተማሪ ሰጣት። ታይናራ ነው ስሟ። እሷ በከባዱ ደረጃ ተጫወተችው፤ ጣቶቿ ሲሮጡ አዳራሹ ተነስቶ ጮኸ። ሽማግሌው አንሶላውን አፍጥጠው እያዩ ቀኝ ጉልበታቸውን ይመቱ ነበር። ስትጨርስ ልጅቷ እያለከለከች ማይኩን ለመነች። «አንድ ጥያቄ አለኝ። መሐሉ ላይ ድምፁ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ከክቦቹ ግማሾቹን አውጥተኻቸዋል። ለምንድነው? ግን ስጫወተው ልክ ነው። እንዴት አወቅክ?»

ኤዲቫን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱማ... ዓይኔን ጨፈንኩ» አለ። «ወንዙ ነገረኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዲርሴ ያንን ቦታ አሥራ አንድ ጊዜ አፍርሳ ሠርታዋለች። ክብ ሁሉ ቢገባ ጣት እንደሚቆላለፍ፣ ከወጣ ደግሞ ዘፈኑ እንደሚላላ፣ የቱን ትታ የቱን እንደምታስቀር ስትጨነቅ ሳምንታት አልፈዋል። «ውሸት ነው!» አለች። ድምፅዋ ከዝናቡ በታች ሆነ። እንደገና፣ በጣም ጮክ ብላ፣ «ውሸቱን ነው! የሠራሁት እኔ ነኝ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ቅድም ያጨበጨቡላት እጆች ጭን ላይ ወደቁ። ሊቀመንበሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኅቴ፣ ቤተሰብ ውስጥ ያለውን...» «እኔ ነኝ! ግማሾቹን ያወጣሁት ጣት ስለሚቆላለፍ ነው!» «እሺ» አለ አንድ ሰው ከመሐል፣ «ከሠራሽው ተጫወቺዋ!» ሌሎችም ተቀበሉት፤ ትጫወት፣ ትጫወት። ታይናራ ፕላስቲክ ጊታሩን ይዛ መጣችና በቅን ልብ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት።

ዲርሴ በሕይወቷ ፕላስቲክ ጊታር ይዛ አታውቅም። ዕቃው ቀላል ነው፣ እንደ መጫወቻነቱ፤ ቁልፎቹ ግን እሷ ከምታውቃቸው ተራርቀዋል፣ መምቻው ደግሞ እንደ ኪቦርዱ ቁልፍ አይነክስም፣ ይንሸራተታል። ዘፈኑ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ክብ አመለጠቻት፤ ሁለተኛዋ አመለጠቻት። እያንዳንዷ ክብ ከየት እንደምትመጣ ታውቃለች፣ ገና ሳትወርድ ታውቃታለች፣ ጣቷ ግን የማያውቀው ቤት ውስጥ በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ሆነ። ስክሪኑ ቀላ። ጌሙ ውስጥ ያለው የውሸት ተመልካች «ኡኡ» አለ፤ ዘፈኑ ተቋረጠ። ከእውነተኛው ተመልካች ደግሞ ከኋላ አንዱ ሣቀ።

«ኪቦርድ አምጡልኝ» አለች። «እኔ በኪቦርድ ነው የምጫወተው።» ሣቁ ጨመረ። ኤዲቫን መሬት መሬት ያያል። «ኪቦርድ ስጡኝና አሳያችኋለሁ፣ አንድ ደቂቃ ነው፣ አንድ...»

«ዲርሴ» አሉ አባቷ። ማይክ አልያዙም፤ ግን አዳራሹ ሰማቸው። «ይበቃል። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

ኤዲቫን እየነዳ፣ በተዋሱት መኪና ተመለሱ። አክስቷ ከዝግጅቱ የተረፈውን ኬክ ጭናቸው ላይ ይዘው፣ በየጉድጓዱ «ቀስ በል» ይላሉ። ዝናቡ አባርቶ፣ ቦዮቹ ሞልተው መንገዱ ላይ ፈስሰዋል፤ ልጆች በውሃው ውስጥ ኳስ ያሳድዳሉ። ኤዲቫን አጎቱን ደግፎ እስከ ሳሎኑ ወንበር አደረሳቸው፣ ግንባራቸውን ሳማቸው፣ ዲርሴን ግን ሳያያት ሄደ።

ዲርሴ መብራቱን አበራች። ውሃ ቀዳች፣ ክኒኑን አቀረበች። አባቷ ዋጡ። ብርጭቆውን መልሳ ልታነሳ ስትል «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«አንቺ መሆንሽን። ይህ ግድግዳ ሳንቃ ነው፣ ልጄ። አንቺ ጆሮሽን ትደፍኛለሽ፤ ቁልፎቹ ግን ለኔ ይሰሙኛል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የቱ ዘፈን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የለየሁት።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ያውቁ ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ለምን አንዲት ቃል አልተነፈሱም?»

«ከተነፈስኩ ታቆሚያለሽ ብዬ።»

«ዛሬስ? ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ያንን ሁሉ እያወቁ፣ ተቀመጪ?»

ሽማግሌው የታጠፈች እጃቸውን በቀኙ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ተቆጪ፣ ግን አድምጪኝ» አሉ። «ልጄ ናት የሠራችው ብል ምን ይላሉ? ሽባ አባቷ አሳዘናት ይላሉ። ልክ ናቸው። አንቺ አዝነሽልኝ ነው። ኤዲቫን ግን፣ እናቱ ትስማኝ፣ ለማንም አዝኖ አያውቅም፤ የማይጠቅመው ነገር ላይ ጣቱን አያነሳም። እሱ ከሰረቀኝ፣ አዳውቶ ገና የሚሰረቅ ነገር አለው ማለት ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ነው። ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።»

«እኔን ነው የሰረቀው፣ እርስዎን አይደለም!» አለች ዲርሴ። «ደግሞ አዝኜልዎት አይደለም። ማን አዘነልዎት? ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለውን የጊታር ዙር እንዴት እንዳደረጉት አልገባ ብሎኝ፣ ተናድጄ ነው የጀመርኩት። እርስዎን እንዳልጠይቅ አያናግሩኝም። በአንድ እጅ የሚሠራ አይመስልም እኮ!»

አባቷ ቀና አሉ። «የቱ ዙር?»

ልትመልስ ስትል ስልኳ ጮኸ። ኤዲቫን ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ መስሏት አነሳችው። «ዲርሲኛ፣ ያለፈው አለፈ» አለ፤ ድምፁ ከኋላው የሚጨፍር ሰው ጫጫታ አለበት። «ሊቀመንበሩ ሁለተኛውን ሸክላ በመጪው ወር ይፈልጋል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። የደረሱትን ዘፈኖች ላኪልኝማ።» ዲርሴ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ ድምፁ ትንሽ ሆኖ ከእጇ ውስጥ ይለፈልፋል።

«ስጪው» አሉ አባቷ። «ምናለበት። ወጣ ወጣ እንላለን።»

«አልሰጥም» አለች። አባቷን አይሆንም ብላ አታውቅም፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከባድ አልነበረም። ስልኩን ዘጋችው።

ወደ ክፍሏ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። አሮጌው ዕቃ አቃስቶ እስኪነሳ ድረስ ማዳመጫዋን ሳታጠልቅ ጠበቀች። ከሁለተኛው ሸክላ አራት ዘፈን ደርሶላታል። ኤዲቫን የመጀመሪያውን ባወጣበት በዚያው የጌሙ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ አራቱንም ጫነች፤ ከሥሩም ሙሉ ስሟን ጻፈችና «እነዚህንም፣ ፊተኞቹንም የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። አስተካክላ አነበበችው። ከዚህ ሌላ የሚጨመር ነገር አልታያትም። ላከችው።

ጥቂት ሳይቆይ የመጀመሪያው መልስ መጣ። አባቷ በትራቸውን እየጎተቱ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ወደዚህ ክፍል ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። «ምን አሉሽ?»

«ሌባ ነሽ አሉኝ» አለች። አነበበችላቸውም፦ ይህ የኤዲቫን ሥራ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ በሰው ላብ መክበር አታፍሪም? ከሥሩ ሌሎች አሥር ሰዎች አዎ፣ አዎ ብለውበታል።

ሽማግሌው ነደዱ። «ማነው እሱ? የማን ልጅ ነው? ተነሺ ከዚያ» አሏትና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አመጣችላቸው። በቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ፣ አንዳንዱን እሷ እየጠቆመቻቸው፣ ላባቸው ግንባራቸው ላይ እስኪወጣ ጻፉ፦ እኔ አዳውቶ ነኝ። ጊታሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ይህን የሠራችው ልጄ ዲርሴ ናት። ኤዲቫን አይደለም። አንብበው፣ ነጥቧን አስገብተው፣ «ላኪው» አሉ። ላከችው። ሁለቱም ጠበቁ። አባቷ እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

መልሱ መጣ።

«እሺ። እኔ ደግሞ ሊቀ ጳጳሱ ነኝ።»

ከሥሩ ሰው በሣቅ ፈነዳ። አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉት፣ ጽሑፉን እንደገና አነበቡት።

«አላመነኝም» አሉ።

«አላመነዎትም።»

«እኔ ነኝ እያልኩት እኮ ነው። እኔው ራሴ።»

«አዎ፣ አባባ።»

ጉንጫቸው፣ ኤዲቫን አሳምሮ የላጨው ጉንጫቸው፣ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞር አሉ፤ ከአዳራሹ ጀምሮ ትክ ብለው ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እንዲህ ነው» አለች።

አዳውቶ አግዳሚው ላይ ወደ ጥግ ተንፏቀቁና ለልጃቸው ቦታ ለቀቁላት።